ለሹፌሩ ያልበራው ልጣፍ

ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃ በአራተኛው ዓመት፣ የመከሩ ወር ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መኪኖች ሁሉ ከሰማይ የሚመጣውን ጠላት ፈርተው መብራታቸውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው ይሄዱ እንደነበር፣ ያ ዘመን የደረሰበት ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ሰላም ሲወርድ ጨርቁ ተቀዶ ተጣለ፤ መንገዱም በመኪና ጎረፈ፤ ከጥይት የተረፈው ሰው በየመታጠፊያው ገደል እየገባ ያልቅ ጀመር። በዚህን ጊዜ መንግሥት የመንገድ ሸንጎ አቋቋመ፤ ሸንጎውም በአዋጅ፣ በአደገኛ መታጠፊያ ሁሉ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን መልሶ የሚልክ ምልክት እንዲቆም ደነገገ። ለምልክቱ የሚሆነውን አንጸባራቂ ልጣፍ የሚሠራው እንግዲህ ይኸው ፋብሪካ ነበር።

ሙጫው በልጣፉ ላይ የሚደረብበት የልባስ ክፍል አለቃ ሴት ናት። ወንዶቹ ሲዘምቱ በቀን ሠራተኛነት የገባች፣ ወንዶቹ ሲመለሱ «ቦታችንን ልቀቂ» ቢሏት አሻፈረኝ ያለች፣ ቁመቷ አጭር፣ ቁጣዋ ረጅም ሴት። ሠራተኞቹ በሌለችበት «እቴሜቴ» ይሏታል፤ ባለችበት ግን ትንፍሽ የሚል አልነበረም። እጇ ከሙጫና ሙጫውን ከሚያቀጥነው መሟሟቻ የተነሣ እንደ አሮጌ ቆዳ ደርቋል፤ ልብሷም ቤቷም ምድጃ ምድጃ ይሸታል፤ በሥራዋ ላይ አንዲት ክፉ ቃል የተናገረ ሰው ግን ወዮለት!

ሥራው እንዲህ ነው፤ ቀስ ብዬ ላስረዳችሁ፣ የሚከብድ ነገር የለውም። በመጀመሪያ በሰም በታሸ ወረቀት ላይ የጠራ ሙጫ በስሱ ይፈስሳል፤ ኋላ ወረቀቱ ሲላጥ የልጣፉ ፊት የሚሆነው፣ ዝናቡንም ፀሐዩንም የሚችለው እሱ ነው። እሱ በምድጃው ውስጥ አልፎ ሲደርቅ የሚያጣብቅ ልባስ ይደረብበትና፣ ገና እርጥብ ሳለ ከዱቄት ብዙም የማይበልጡ የመስታወት ዶቃዎች ይነሰነሱበታል፤ እያንዳንዷ ዶቃ የመጣላትን ብርሃን ሰብስባ ከጀርባዋ ጥቂት ራቅ አድርጋ በአንድ ነጥብ ታሳርፈዋለች። ከዶቃዎቹ ጀርባ «መሐል ልባስ» የሚሉት ይፈስሳል፤ የዶቃዎቹን ጀርባ ተከትሎ የሚጎብጥ፣ ከጸጉር የቀጠነ ነገር ነው። ከዚያ አየሩ ሁሉ በተመጠጠበት ጋን ውስጥ አልሙኒየም እስኪተን ድረስ ይጋላል፤ እንፋሎቱም በመሐል ልባሱ ላይ አርፎ መስታወት ይሆናል። በላዩ ማጣበቂያ፣ በማጣበቂያው ላይ ሌላ ወረቀት፤ አለቀ። ቀን ላይ ያየው ሰው ተራ ግራጫ ነገር ነው ብሎ ይንቀዋል፤ በጨለማ መብራት ሲያርፍበት ግን ብርሃኑን ለላኪው መልሶ ያስረክባል።

የነገሩ ነፍስ ያለው በመሐል ልባሱ ውፍረት ላይ ነው። ድሮ በጦርነቱ ማግስት የተሠራው ልጣፍ ዶቃዎቹ ከላይ ራቁታቸውን ስለሚቀሩ፣ ዝናብ ሲነካቸው ድርግም ይል ነበር፤ በደረቁም ቢሆን ደብዛዛ ነው። አዲሱ ግን ዶቃው ሁሉ ከውስጥ ስለተቀበረ ዝናብ አይነካውም፤ የፋብሪካው መሐንዲስና የልባስ አለቃዋ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተጨቃጨቁ፣ መሐል ልባሱን ብርሃኑ ከሚሰበሰብባት ነጥብ ላይ ልክክ አድርገው አቆሙት። ልጣፉ ሲፈተን ደግሞ መስኮት በሌለው፣ ግድግዳው ጥቁር በተቀባ ረጅም መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ ፈታኙ በአንደኛው ጫፍ ቆሞ መብራቱን ጆሮ ግንዱ ላይ ለጥፎ፣ በወዲያኛው ጫፍ የተሰቀለውን ልጣፍ ያያል፤ ከመብራቱ ጎን ያለችው መለኪያም ቁጥር ትሰጣለች። ቁጥሩ ከፍ ያለ ልጣፍ ያሸንፋል፤ ደንቡ ይኸው ነው። የአዲሱ ልጣፍ ቁጥር ደግሞ የመለኪያዋን መርፌ ጫፍ አስረግጦ ነበርና፣ ሸንጎው በሙሉ ድምፅ ተቀበለው። ያን ዕለት የልባስ አለቃዋ ከልጅነቷ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ሣቀች ይባላል።

ሣቋ ግን አልሰነበተም። ታላቅ ወንድሟ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ አባታቸው በሞተ ጊዜ ጎረምሳ ሳለ መሪ ጨብጦ ያሳደጋት እሱ ነው። ድምፁ ከአውቶቡሱ ስለሚበልጥ ባልንጀሮቹ «ጡሩምባ» ብለውታል። ይህ ሰው፣ አዲሶቹ ምልክቶች በተተከሉ በወሩ፣ በተራራው መንገድ ላይ አንድ መታጠፊያ ዘግይቶ አየና አውቶቡሱን ከጠርዙ ድንጋይ ጋር አላተመው፤ የአንዲት ተሳፋሪ ክንድ ተሰበረ፤ ጥቂት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ገደል ነበሩ። ፖሊስ ሲጠይቀው፣ «ምልክቱ አልበራም» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የሸንጎው ሰብሳቢ በገዛ አውቶሞቢላቸው ሄደው ያንኑ ምልክት አዩት፤ ከሩቅ እንደ ፀሐይ ቦግ አለላቸው። ስለዚህ ጥፋቱ የሹፌሩ ዐይን ነው ተባለ፤ መንጃ ፈቃዱን ነጠቁትና፣ የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ ለሸንጎ ቀጠሩት።

ወሬው ፋብሪካው በደረሰ ጊዜ አንዱ ማጣበቂያ ቀቢ፣ «እትዬ፣ ለጋሼ ጡሩምባ መነጽር ገዝተን በልጣፍ እንለብጥላቸው ይሆን?» አለና ሰው ሁሉ ሣቀ። የልባስ አለቃዋ በእጇ የያዘችውን ብሩሽ ወረወረችበት፤ ሳተችው እንጂ ዐይኑን ታወጣው ነበር። ከሥራ ስትወጣ ቤቷ እንኳ ሳትገባ ወደ ወንድሟ ቤት አመራች። ሥራ የፈታ ሰው ወጉ ነውና፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አንድ ጫማ ደጋግሞ ይወለውላል።

«የምታመካኝበት አጥተህ ሥራዬን ሰደብክ?» አለችው፣ ሰላምታ የሚባል ሳታቀርብ።

«ደህና ዋልሽ፣ እህት ዓለም። አልሰደብኩም። አልበራም ነው ያልኩት።»

«ከዚህ በላይ ስድብ የት አለና!»

«የድሮው ይሻለኝ ነበር። ደብዛዛም ቢሆን ከሩቅ 'አለሁልህ' ይለኛል። ያንቺው አዲሱ ግን ጭራሽ ፊት ነሣኝ።»

«ሰብሳቢው ራሳቸው አይተውታል፤ እንደ ፀሐይ ነው ብለዋል! ጋሼ፣ አርጅተሃል። ማርጀት ነውር አይደለም፤ ሰው እየጎዱ መዋሸት ግን ነውር ነው።»

ጡሩምባ የሚወለውለውን ጫማ አስቀመጠ። ያ አገር የሚሰማው ድምፁ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ከጩኸቱ የባሰ ያስፈራ ነበር።

«ዋሸህ አልሽኝ? አንቺ? እኔን?»

«አዎን!» አለች፤ ከአፏ ከወጣ ወዲያ መመለስ አልቻለችም። «ነገ ፋብሪካ ትመጣለህ። እዚያ ጨለማ ውስጥ አቆምህና ዕውርነትህን ለራስህ አሳይሃለሁ!»

በማግሥቱ መጣ። ሰውየው እልኸኛ ነው፤ እልኸኝነት ደግሞ ለዚያ ቤተሰብ በደም የመጣ ነገር ነበር። መሐንዲሱ፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ያልቆየ ሰው፣ መተላለፊያውን ከፍቶ አስገባቸውና መብራቱን ለሹፌሩ ሰጠው። በሩ ተዘጋ።

«እሺ፣ አብራው» አለች እህቱ።

ጡሩምባ መብራቱን ተቀብሎ ከደረቱ ዝቅ አድርጎ ይዞ አበራው። አተኩሮ አየ።

«አይታየኝም» አለ። «አለ ቢሉኝ አለ እላለሁ እንጂ፣ አመድ ነገር ነው።»

«አላልኩህም! ይኸው፣ መሐንዲስ፣ ስማ! አምጣው ወዲህ!» ብላ መብራቱን ነጠቀችውና ጎትታ ጆሮ ግንዱ ላይ ደገነችው። «አሁንስ?»

ግድግዳው ላይ ብርሃኑ ቦግ አለ። ጡሩምባ ዐይኑን ጨፈን አደረገ።

«አሁንማ ታየኝ። አቃጠለኝ እንጂ!»

«እና?»

«እና ምን እና! መብራት ጆሮው ላይ አስሮ የሚነዳ ሹፌር የት አይተሽ ታውቂያለሽ? የእኔ መብራት ያለው እታች ነው፣ ከጉልበቴም በታች! እኔ ደግሞ እላይ ሰገነት ላይ ነው የተቀመጥኩት!»

የልባስ አለቃዋ መብራቱን ከወንድሟ ጆሮ ግንድ ላይ አነሣች። ለመሐንዲሱም ሰጠችው፤ እሷ ልጣፉን እያየች፣ ከዐይኗ በታች አንድ ስንዝር ብቻ ዝቅ እንዲያደርገው አዘዘችው። ዝቅ አደረገው። ልጣፏ፣ ሁለት ዓመት የደከመችበት፣ የሣቀችለት ልጣፏ፣ እንደ ተነፈሰ ፊኛ ሟሸሸ። ከፍ አድርገው አለችው፤ ቦግ አለ። ዝቅ አድርገው፤ ጠፋ።

«እትዬ» አለ መሐንዲሱ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አልሙኒየሙን ብርሃኑ ከሚሰበሰብበት ነጥብ ላይ ልክ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ስለዚህ ብርሃኑ በመጣበት መንገድ ብቻ ይመለሳል፤ ወደ መብራቱ፣ ወደዚያው ብቻ። ግራም ቀኝም አይልም። በዚህ መተላለፊያ ውስጥ አንድ ስንዝር ማለት፣ በመንገድ ላይ ከሩቅ ሲታይ በአውቶቡስ መብራትና በሹፌሩ ዐይን መካከል ያለው ርቀት ማለት ነው። በትንሽ አውቶሞቢል ግን ዐይኑና መብራቱ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ለዚህ ነው ሰብሳቢው ያዩት።»

«መሐል ልባሱን ብናሳሳው?»

«ጥቂት ብናሳሳው ብርሃኑ ጥቂት ይበተናል፤ ለሹፌሩም ድርሻው ይደርሰዋል። ቁጥሩ ግን ይወርዳል።»

«ይውረዳ! ገደል ይግባ ቁጥሩ!»

ጡሩምባ በጨለማው ውስጥ ሣቀ። እህቱ ግን አልሣቀችም፤ «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» ማለትም አልቻለችበትም፤ በሩን በርግዳ ወጣች።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ክፍል ስትገባ ሰብሳቢውም ለጉብኝት መጥተው ሻይ ይጠጡ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መልከ መልካም፣ ንግግረ ለስላሳ ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አቧራ የሚባል አይታይም። እሷም ሁሉን አፍረጥርጣ ነገረቻቸው፤ መሐንዲሱም ተከትሏት ገብቶ አንድ በአንድ አስረዳ። ሁለቱ ሹማምንት አልተቆጡም፤ አልካዱምም። ይህ ነው የበለጠ ያንገበገባት።

«የነገሩን ቁም ነገር ተረድተነዋል» አሉ ሰብሳቢው፣ ስኒያቸውን እያስቀመጡ። «መሐል ልባሱ ይስተካከል። የክረምቱ ጉም ሳይወርድ ምልክቶቹ ሁሉ ይቀየሩ። የማሻሻያ ሥራ ይባላል።»

«የወንድሜ መንጃ ፈቃድስ፣ ክቡር ሰብሳቢ?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«እንዴት ሌላ ጉዳይ ይሆናል? ዐይኑ ጤነኛ ነው! ልጣፉ ነው ያልበራለት!»

«ልጣፉ ደንቡን አሟልቷል፤ ማንም አልተሳሳተም» አሉ፣ እንደ አባት ረጋ ብለው። «ለወንድምዎ ቢፈረድለት ግን በመላ አገሩ ያሉት ምልክቶች ጨለማ ነበሩ ማለት ይሆናል። ያን ጊዜ ምርመራ ይከፈታል፤ ምርመራው እስኪያልቅ ይህ ፋብሪካ ይታሸጋል፤ ክረምቱን ሙሉ አንድ ልጣፍ ከዚህ አይወጣም። ሹፌሮቹም በአሁኖቹ ምልክቶች ይነዳሉ። ወንድምዎ ከሸንጎ ፊት ምን እንደሚሉ እንግዲህ ይምከሩበት።»

«ደንቡን የጻፉት እርስዎ! የሚነዱት በትንሽ አውቶሞቢል! ወንድሜ ደግሞ ዕውር ይባልልዎ?» ብላ ጮኸች። «ይህን ደንብ የጻፈ ሰው እስቲ መብራቱን ጆሮው ላይ ይሰርና በተራራው ይንዳ!»

ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብሎ በሩን በትሕትና ከፈተላት። በትሕትና! እሷም ስትወጣ የበሩን እጀታ ነቅላ ይዛ ወጣች ይባላል፤ ይህን እንኳ ማጋነን ሳይሆን አይቀርም።

በቀጠሮው ቀን የሸንጎው አዳራሽ በሹፌርና በሹፌር ዘመድ ሞልቶ ነበር። የልባስ አለቃዋ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች፤ ልቧ ቆርጧል፤ ፋብሪካው ቢታሸግ ይታሸግ፣ እንጀራዋም ይቅር፣ እውነቱን ሁሉ ልትዘረግፈው ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰብሳቢው ወንድሟን አስቆሙና፣ «ሹፌር፣ በምልክቱ ላይ የሰጠኸውን ቃል እንደ ያዝክ ነህ? ወይስ የዐይንህን ድካም ታምናለህ?» ሲሉ ጠየቁት።

ጡሩምባ እህቱን አያት። በዋዜማው ማታ ሁሉንም ነግራዋለች፤ እሱም ሰምቶ ጫማውን መወልወሉን ቀጥሎ ነበር።

«አምናለሁ» አለ። ድምፁ ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር ተጋጨ። «ዐይኔ ደክሟል። ምልክቱ ደህና ነው።»

እሷ ከመቀመጫዋ ተፈናጥራ ተነሣች። እሱ ግን በልጅነቷ ወደ ወንዝ ስትሮጥ ያያት እንደነበረው አያትና፣ ያቺ ማንንም የማትፈራ ሴት ተመልሳ ተቀመጠች። ዕድሜ ልኩን መሪ እንዳይጨብጥ የሚከለክለው ብይን በሹክሹክታ ተነበበ።

ደጅ ሲወጡ ደረቱን በጡጫ መታችው።

«ለምን? ለምን እንዲህ አደረግክ? ስምህን ሸጥከው! ለእነዚያ!»

«ለእነሱ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን?»

«እኔ ወንበር ላይ አሁን የተቀመጠው ልጅ በቅርቡ ነው ያገባው። በዚያ መታጠፊያ ክረምቱን ሙሉ ይመላለሳል፤ ከኋላው ሰው ሞልቶ። የእኔ ስም ጉሙን ይገልጥለታል?»

«ቆይተን እንከሳቸው ነበር! እውነቱ ይወጣ ነበር!»

«ይወጣ ነበር፤ ሲወጣም እነዚያ ሰዎች ከገደሉ ሥር ናቸው። አልቅሺ፣ ስደቢኝ፣ ምቺኝ፤ ግን ሂጂና ልጣፉን ሥሪ።»

«አንተንም አልምርህም!»

«እሱን አውቃለሁ» አለ ጡሩምባ። «እኔም ዋሽተሃል ያልሽኝን ገና አልማርኩልሽም። እስቲ የማን ቂም መጀመሪያ እንደሚወጣ እናያለን።»

ሄደች፤ ሠራች። ክረምቱ ሳይገባ በነበሩት ሳምንታት በልባስ ክፍሉ ውስጥ የሰማ ሰው፣ ሴትዮዋ ከማሽኑ ጋር የምትጣላ ይመስለው ነበር። መሐል ልባሱን በጥቂት በጥቂቱ እያሳሱ፣ ከመሐንዲሱ ጋር እየተጯጯሁ፣ መብራቱ ከታች ሆኖ ዐይን ከላይ ሲሆን ልጣፉ የሚያበራበትን ልክ አገኙት። መተላለፊያው ውስጥ እንደ አውቶቡስ ወንበር ከፍ ያለ መቀመጫ አሠርታ፣ ማንም ፈታኝ እዚያ ላይ ሳይወጣ ልጣፍ እንዳያሳልፍ ከለከለች፤ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ይዞ ሲመጣ እንግዳውን በክንዱ ይዛ አውጥታ አስቀመጠችው፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም እንዲናገር አልተፈቀደለትም ነበርና፣ እንግዳው ግራ ገብቶት ወረደ። ጉሙ ከተራራው ሲወርድ ምልክቶቹ ሁሉ ተቀይረው ነበር። በዚያ ክረምት፣ በዚያ መታጠፊያ፣ አንድም ሰው ገደል አልገባም።

በዓመቱ ሸንጎው ደንቡን አሻሻለ፤ ልጣፍ ሁሉ መብራቱ ከዐይን ዝቅ ብሎ ይፈተን ተባለ። ለዚህ አርቆ አሳቢነታቸው ሰብሳቢው ሜዳይ ተሸለሙ፤ ስማቸውም በመንገድ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ገባ። የመሐንዲሱ ስም በትምህርት መጻሕፍት ግርጌ በትንንሽ ፊደል ይገኛል፤ እሱ ጨዋ ሰው ነበርና፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ስለዚያ ሥራ ሲጠየቅ ፊቱ ይቀላ ነበር ይባላል። ለልባስ አለቃዋም ፋብሪካው የምስጋና ወረቀት ሰጥቷት ነበር፤ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከሥራ አስኪያጁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ እምቢ እንዳለች፣ የሰብሳቢው ስም ሲነሣም ምራቋን እንደ ተፋች፣ ንዴቷ አንድ ቀን እንኳ ሳይበርድላት አረጀች። ሰዎች ጊዜ ሁሉን ያስረሳል ሲሏት፣ «እኔን አላስረሳኝም፤ እናንተን የሚያስረሳችሁ ከሆነ ለራሳችሁ እዘኑ» ትላቸው ነበር።

ከወንድሟ ጋር ግን ታርቀዋል፤ ማን ቀድሞ እንደ ማረ ሁለቱም አልተናገሩም። በስተርጅና አንድ ቤት ተቀምጠው እየተነታረኩ ኖሩ። የእሷ ዐይን ከመሟሟቻው ጭስ የተነሣ ቀድሞ ደከመ፤ ልብስ ልትጥፍ ስትል መርፌው ውስጥ ክሩን የሚያስገባላት እሱ ነበር፤ ያለ መነጽር፣ በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ በአንድ ሙከራ። በሸንጎው መዝገብ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ፣ ዐይኑ ስለማያይ ከመንገድ የተወገደ ሹፌር ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ መዝገቡንም የሚያርመው ሰው አልተገኘም።